ለመቻል ጓደኛ ላምጣለት ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። መቻል የሚባል የ4 ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ። ድሮ ቤት ሰው አይጠፋም ነበር፤ አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኔ ሥራ ስለምንውል ብቻውን ነው የሚውለው። በሩን ዘግቼ ገና ከመውጣቴ ማላዘን ይጀምራል፤ መቃኑንም በጥፍሩ ልጦታል። ጎረቤት ተማሯል። የአክስቴ ውሻ ወልዳለችና «አንዷን ቡችላ ውሰጂ» ትለኛለች። ጓደኛ ካገኘ ዝም ይል ይሆን?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ቡችላዋ ለጊዜው እዚያው እናቷ ዘንድ ትቆይ። ሰው ሲወጣ በር የሚቧጥጥ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚናፍቀው ሌላ ውሻ አይደለም፤ እርስዎን ነው። ጓደኛ ቢመጣለትም እርስዎ ሲወጡ ያው ማላዘኑን ይቀጥላል፤ ቡችላዋም ከእሱ ትለምድና ጎረቤትዎ በሁለት ድምፅ ይማረራል።

መጀመሪያ ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ቤት ትተውት ይውጡ። ወዲያው እያለከለከና ለሃጩን እያዝረበረበ የሚንቆራጠጥ፣ የሚወደውን ምግብ እንኳ የማይነካ ከሆነ፣ ብቻውን መቅረት ያስፈራዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ልምምድ ነው፦ ለጥቂት ሰከንድ ወጥተው ማላዘን ሳይጀምር ይመለሱ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ያርዝሙት። ተኝቶ አርፍዶ ሲነቃ ጫማ የሚያኝክ ከሆነ ግን ሰልችቶት ነው። ጠዋት በደንብ ያንሸራሽሩት።

ይህ ሁሉ መስመር ከያዘ በኋላም ሁለተኛ ውሻ ካማረዎት (ለመቻል ሳይሆን ለራስዎ ካማረዎት ማለቴ ነው፤ እሱ ነው ትክክለኛው ምክንያት) የሚያውቁት ሰው ረጋ ያለ ውሻ ይዞ ይምጣ። ሁለቱንም በማሰሪያ ይዛችሁ፣ ከግቢ ውጭ፣ ማናቸውም «የእኔ ነው» በማይሉት ቦታ ጎን ለጎን አራምዷቸው። መቻል ሰውነቱ ላላ ብሎ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ዝቅ ካደረገ «እንጫወት» እያለ ነው። ደርቆ ቆሞ ካፈጠጠ፣ ጭራውንም ሽቅብ አቁሞ ካወዛወዘ ለዩአቸው። ጭራ የቆላ ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ቡችላዋ ሴት መሆኗ ጥሩ ነው፤ ወንድና ሴት ከሁለት ሴቶች ይልቅ ይስማማሉ። ችግሩ፣ ከ6 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች፤ እርግዝናውም 63 ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዳቸውን ስለ ማምከን ሐኪም አስቀድመው ያማክሩ። 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትነጠል። ክትባቷ እየተደጋገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል፤ የመቻልም ጊዜው እንዳላለፈበት ያረጋግጡ።

ምግባቸውን በተለያየ ክፍል ይስጧቸው፤ አጥንት በመካከላቸው አይጣል። መቻል ቢያጉረመርምባት አይቆጡት፤ ማስጠንቀቁን ካስተዉት ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይጀምራል። ዝም ብለው እሷን ያርቋት።

አክስትዎ ቡችላዋን ለሌላ ሰው ቢሰጧትም አይቆጭዎት። ቡችላ ፈልጎ ያጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።