ከረጢቱ ቀይ ሆኖ ሲያድር

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ዋርድ ለምትገቡት ነርሶችና ሐኪሞች ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ የሽንት ፊኛ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ኦፕራሲዮን ተደርገው በሚተኙበት ክፍል ነው። በአንድ ጥፋቴ ልጀምር።

ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ምንም ሳያማቸው ደም ሲሸኑ ከርመው ነው የመጡት። ፊኛቸው ውስጥ የበቀለው ዕጢ በሽንት መውጫው በኩል በገባ መሣሪያ ተፍቆ ወጣላቸው። ሆዳቸው አልተከፈተም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አስታማሚ ልጃቸው እየሮጠ መጣ። «ሲስተር፣ አባቴ የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ እያለ ነው» አለኝ። ስደርስ አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን ከረጢት ትኩር ብለው ያያሉ። ሞልቷል፤ ቀይ ነው። «ደሜ አለቀ እኮ ልጄ» አሉኝ።

ደማቸው አላለቀም። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ደም ረግቶ መውጫውን እንዳይዘጋው ባለ ሦስት መስመር ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ቱቦ፣ ይገባና ፊኛው በሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውሃ፣ ያለማቋረጥ ይታጠባል። ከረጢቱን የሚሞላው በአብዛኛው ያ የታጠበበት ውሃ ነው። ጥቂት ደም ብዙ ውሃ እንደሚያቀላ ልብስ አጥቦ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። (ውሃው እንደ ድልህ ከወፈረ፣ ደም እየረጋ ከወረደ ወይም መውረዱን ካቆመ ግን ሐኪም ጥሩ፤ አትጠብቁ።) ይህን ሁሉ ቀን ላይ አስረድቼ ነበር። ያስረዳሁት ግን ልጃቸውን ነው። «አባቴን አታስደንግጭብኝ» ስላለኝ ለእሳቸው ትንፍሽ አላልኩም።

እናንተንም «ካንሰር መሆኑን አትንገሩት» የሚል ቤተሰብ ይገጥማችኋል። አትቆጡት። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ የሚነገርበት አገር ነው ያለነው። ግን በሽተኛውን ለብቻ አግኝታችሁ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል እንድነግርዎ ይፈልጋሉ?» በሉ። አንዳንዱ «ለልጄ ንገሪው» ይላል። ይህም መልስ ነው፤ አክብሩት። ብዙው ግን ጠርጥሮ ዝም ያለ ነው። ደግሞ ይህ በሽታ ተፍቆ የሚረሳ አይደለም፤ መመለስ ይወዳል። መጀመሪያ ላይ በየሦስት ወሩ ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። የበሽታውን ስም ያልሰማ ሰው፣ ሽንቱ አንዴ ከጠራለት፣ ምን ብሎ ከመንዝ ድረስ ይመለሳል?

ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ሰርስሮ ከገባ ብዙ ጊዜ ፊኛው ራሱ ይወጣል። ከትንሹ አንጀት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ለሽንት መውረጃ ይሠራል። ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ቀኝ በኩል ይወጣና ከረጢት ይለጠፍበታል። እኛ ስቶማ እንለዋለን። ብሪከር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1950 እ.ኤ.አ. ካሳወቀው ወዲህ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። እኔ ያየሁት ችግር ያለው ቦታው ላይ ነው።

አንዲት እናት ከኦፕራሲዮኑ በፊት፣ ተኝተው ሳሉ፣ ስቶማው የሚወጣበት ቦታ በማርከር ምልክት ተደረገላቸው። ሲያዩት የተስተካከለ ነበር። አገግመው ቤታቸው ሲገቡና መቀነታቸውን ሲታጠቁ ግን ስቶማው ልክ መቀነቱ ሥር ዋለ። ከረጢቱ እየተላቀቀ ያፈስ ጀመር። «ሽንት ሽንት እሸታለሁ» ብለው ለቅሶ መድረስ ተዉ፣ ከማኅበርም ቀሩ። ስለዚህ ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ቁጭ ይበሉ፣ ይቁሙ፣ ጎንበስ ይበሉ። መቀነቱ ወይም ቀበቶው የት እንደሚያርፍ በዓይናችሁ እዩ። የሚሰግዱ ከሆነ፣ ሶላትም ይሁን ስግደት፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ያሳዩአችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንጀት ደግሞ ሽንት ማሳለፊያ ቢሆንም አንጀትነቱን አይተውም፤ ንፍጡን ማመንጨት ይቀጥላል። ከረጢቱ ውስጥ ነጭ ዝልግልግ ነገር አይተው መግል የመሰላቸው ስንቱ ናቸው! ፋርማሲ ሄደው አንቲባዮቲክ ሲውጡ የከረሙ አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጥላቸው ነበር።

ከረጢቱ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። አንዳንዴ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። አሜሪካ ዘመድ ያለው በሻንጣ ያስመጣል። የሌለው አንዱኑ እያጠበ ደጋግሞ ይለጥፋል፤ ቆዳው ይላጣል። ከየት እንደሚያገኙት ሳትነጋገሩ «በሰላም ይግቡ» ብላችሁ አትሸኙ። አለጣጠፉንም በገዛ እጃቸው፣ እናንተ እያያችሁ ይሞክሩት። የአስታማሚው መቻል ብቻውን አይበቃም፤ አስታማሚ ሥራ ይገባል።

አንድ ጎልማሳ ደግሞ የመውጫ ወረቀቱን ይዞ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር... ተይው በቃ» አለ። ገባኝ። ከፊኛው ጋር ፕሮስቴቱም፣ ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው አካል፣ ወጥቷል። ከሚስቱ ጋር ያለው ነገር እንደ ቀድሞው ላይሆን እንደሚችል ያጫወተው ሰው የለም። የስምምነት ወረቀቱ ላይ መፈረሙን ፈርሟል። ግን ስምንት ተማሪ አልጋውን ከብቦ በሚቆምበት ራውንድ ላይ ይህን ማን ይጠይቃል? እናንተ አንሱት፤ መጋረጃውን ስባችሁ፣ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ። ሴቶችንም አትዝለሏቸው። ማሕፀን ብዙ ጊዜ አብሮ ይወጣል፤ ይህን ቤቷ ከገባች በኋላ የሰማች አለች።

የመንዙ አባት ጋ ልመለስ። ያን ሌሊት ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከላይ የሚገባውን ሳላይን፣ ከታች የሚወጣውን ቀይ ውሃ በጣቴ እየጠቆምኩ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ይኼን በቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በማግስቱ ከጎናቸው ያለው አልጋ ላይ አዲስ በሽተኛ ተኛ። እኔ ገና ካርዱን ሳልገልጥ፣ አንገታቸውን ወደ እሱ መልሰው «ማታ ቀይ ታያለህ፤ አትደንግጥ፣ ውሃ ነው» ሲሉት ሰማሁ።