ለውጭ ሀገር ትምህርት የአባትን መሬት በወለድ አገድ ማስያዝ ይቻላል?

ጥያቄው በአጭሩ፦ ጠያቂያችን ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው፣ ቀን እየተማሩ ማታ ልጆች በማስጠናት ራሳቸውን ችለው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ወጣት ናቸው። በጀርመን ከሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ትምህርት ቅበላ አግኝተዋል። የጎደላቸውን 400,000 ብር ሊያበድራቸው የፈቀደው ነጋዴ ግን በወር ከመቶ 3 ወለድ ይጠይቃል፤ አባታቸው በዋስነት እንዲፈርሙና በመሐል ሜዳ አካባቢ ያለው የእርሻ መሬታቸው ዕዳው እስኪከፈል በእርሱ እጅ በወለድ አገድ (አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን በሚጠቀምበት ውል) እንዲቆይም ይሻል። «ልፈርም ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

መልስ፦ ውሉን በቀረበልዎ መልኩ እንዲፈርሙ አልመክርዎትም።

ከወለዱ ልጀምር። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ከመቶ 12 በላይ ዓመታዊ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። እርስዎ የተጠየቁት በዓመት ከመቶ 36 ነው፤ ይህም በ400,000 ብር ላይ በዓመት 144,000 ብር ሲሆን፣ በሕጉ ጣሪያ ቢሰላ ግን ከ48,000 ብር አይበልጥም። የሰውን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ ከሕጋዊው መጠን በላይ ወለድ መቀበል ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ የአራጣ ወንጀል ነው። አበዳሪዎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፉትም፤ የሁለት ዓመቱን ወለድ ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምረው «688,000 ብር ተበድሬያለሁ» የሚል ሰነድ ያስፈርማሉ። እንዲህ ያለውን ወረቀት አንዴ ከፈረሙ በኋላ «የተቀበልሁት 400,000 ብቻ ነው» ብሎ ምስክር መቁጠር እጅግ አዳጋች ነው፤ ሕጉ በጽሑፍ የሰፈረን ቃል በሰው ምስክር ማስተባበልን በመርህ ደረጃ ይከለክላልና። ስለዚህ ከማንም ቢበደሩ ገንዘቡ በባንክ ሒሳብዎ በኩል ይግባ፣ ውሉም በትክክል የተቀበሉትን መጠን ይግለጽ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት።

የመሬቱ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ይህ የመጠቀም መብት በሕግ ለተቋቋመ የፋይናንስ ተቋም በብድር ዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ለግለሰብ ነጋዴ ግን አይደለም። ወለድ አገድ በአገራችን የኖረ፣ በፍትሐብሔር ሕጉም ስሙ የተጠቀሰ ውል መሆኑ አበዳሪውን አይጠቅመውም። ይሁንና «ውሉ ሕገወጥ ከሆነ ኋላ ይፈርሳል» ብለው እንዳይፈርሙ አደራ እላለሁ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ መሬቱን የሚያርሰው አበዳሪው ነው፣ አቤቱታ ይዘው ወረዳ ፍርድ ቤት የሚመላለሱትም አባትዎ ናቸው። አባትዎ በመሬቱ መርዳት ከፈለጉ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ እናትዎም ካሉበት ፈቃዳቸውን አግኝተው፣ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየትና ውሉን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ወይም ባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ጠይቀው ይሞክሩ።

ዋስትናን በተመለከተ፣ በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። አባትዎ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነም፣ የጣት አሻራቸው ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም (አንቀጽ 1728)።

በደብዳቤዎ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ግን ማለፍ አልፈልግም። ነጋዴው «ቪዛው እንደ ወጣ ገንዘቡን አብዛኛውን ትመልስልኛለህ» ማለቱን ጽፈዋል። ለጀርመን የተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ብሎክድ አካውንት (ገንዘቡ ተቆልፎ በየወሩ በከፊል ብቻ የሚለቀቅበት የባንክ ሒሳብ) እንዲህ አይሠራም። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚጠየቀው መጠን በዓመት 11,904 ዩሮ ሲሆን፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚለቀቅልዎ በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው፤ እርሱም የቤት ኪራይዎና የቀለብዎ ነው። ለኤምባሲ ለማሳየት ብቻ የሚገባ የብድር ገንዘብ ስለዚህ የሚታሰብ አይደለም። ሠርቼ እከፍላለሁ ቢሉም፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እንዲሠራ የተፈቀደለት በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ባይጠይቁም፣ በባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከኅብረቱ ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላልና የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ የት እንደሚገኝ ያጣሩ። ዩሮውን ከጥቁር ገበያ መግዛት በራሱ ወንጀል ስለሆነ፣ የቅበላ ደብዳቤዎን ይዘው ባንክዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ነጋዴው ትክክለኛው የብድር መጠን እንዲጻፍ፣ ወለዱ ከመቶ 12 እንዳይበልጥና መሬቱ ከውሉ እንዲወጣ ከተስማማ፣ የአባትዎ ዋስትናም በመጠን ከተወሰነ፣ ውሉ በሕግ የሚያስነቅፍ አይሆንም። ካልተስማማ ቅበላዎ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር መተላለፍ ይችል እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ በዚህ መካከል የወጪ መጋራት ዕዳዎን ከፍለው ዋናውን ዲፕሎማዎን ቢያወጡ ጊዜው በከንቱ አያልፍም። ሲሄዱ በስምዎ ጉዳይ የሚያስፈጽም ወኪል መተውዎ አይቀርምና ውክልናውን ለአበዳሪው ወይም ለእርሱ ዘመድ እንዳይሰጡ፤ ለሚያምኑት ሰው ሲሰጡም የሚፈጽማቸው ጉዳዮች አንድ በአንድ ይዘርዘሩ።