«ነዳጅ የማይፈልገው ጄኔሬተር» በ40 ደቂቃ ለምን ይቆማል?

ከሻሸመኔ የጻፈልኝ ወጣት ባለ 1 ፈረስ ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተር በቺንጋ ከመኪና አልተርኔተር ጋር አገናኝቷል። አልተርኔተሩ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይሞላል፤ ባትሪው የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረውን ኢንቨርተር ይመግባል፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ ሞተሩን መልሶ ያዞራል። 40 ደቂቃ ሠርቶ ኢንቨርተሩ ይጮህና ይዘጋል። ሩብ ሰዓት ካረፈ ሌላ 5 ደቂቃ ይሠራል። አንድ ኢንቨርተርም ተቃጥሎበታል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ ስንት ኢንች ላድርገው? ሰው ሳይቀድመኝስ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማውጣት እችላለሁ?

ወንድሜ፣ «ካረፈ ሌላ 5 ደቂቃ ይሠራል» ያልከው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። ፑሊው ምንም አላጠፋም። 40 ደቂቃ ሙሉ ያሠራህ ባትሪው ነው። ያለቀ ባትሪ ጭነት ሲነሣለት ቮልቱ ትንሽ ያገግማል፤ ያቺ 5 ደቂቃ እሷ ናት።

ባትሪውን ሙሉ ሞልተህ አሳድረውና ለካ፤ ደህና ከሆነ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳይሃል። ከዚያ አስነሣውና ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) በሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ገመዱን አቅፎ አምፒር በሚያነበው መሣሪያ፣ መጀመሪያ ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደውን፣ ቀጥሎ ከአልተርኔተሩ የሚመጣውን ገመድ ያዝ። ወጪው ከ80 አምፒር በላይ፣ ገቢው ከ30 ብዙም የማያልፍ ይመስለኛል።

እየዞረ ሳለ ግን የባትሪውን ገመድ እንዳትነቅል! ይህን «ነዳጅ የማይፈልግ» ማሽን የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ላይ «ያለ ባትሪ ይሠራል» ብለው ለማሳየት ይነቅሉታል። የመጀመሪያው ኢንቨርተርህም እንዲህ ሳይቃጠል አልቀረም። ባትሪው ሲነሣ የአልተርኔተሩ ቮልት በቅጽበት ይዘልና ያገኘውን ያቃጥላል። ሲሞላ የቆየ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ስትነቅል የምትረጨው ብልጭታ አሲዱን ፊትህ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

አሁን ሒሳቡን በደላላ ላስረዳህ። ከባትሪው 100 ብር ወጣ እንበል። ኢንቨርተሩ 15 ቆርጦ 85 ያሳልፋል። ሞተሩ ከዚያ ሩቡን በሙቀት ይበላና 64 ገደማ ይተዋል፤ ቀፎውን ብትነካው የሚያቃጥልህ ያ የተበላው ገንዘብ ነው። የመኪና አልተርኔተር ለቁጠባ የተሠራ ዕቃ አይደለምና ግማሽ ያህሉን ይወስዳል፤ ባትሪው ደጃፍ የሚመለሰው 35 ብር ነው። ቺንጋውንና ባትሪው ራሱ ሲሞላ የሚቆርጠውን ገና አልቆጠርኩም። የአልተርኔተሩን ፑሊ ብታሳንስ እሱ ይፈጥናል፣ ሞተሩ ግን ይከብደውና ብዙ አምፒር ይስባል። ከባድ ፍላይዊል (ሲዞር ጉልበት የሚያጠራቅም ከባድ ጎማ) ብትጨምር ያበደርከውን ይመልስልሃል እንጂ ወለድ አይከፍልህም። ደላሎቹን ብታስማማቸው፣ ምርጥ ዕቃ ብትገዛ፣ 35ቱ 60 ይሆን ይሆናል። 101 አይሆንም።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ሌላም አየሁ። «2000 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኢንቨርተር ግማሹን ከቻለ ዕድለኛ ነህ። ከ80 አምፒር በላይ በዚያች ቀጭን ገመድ? ቢያንስ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ያስፈልግሃል። በፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ የጠመጠመልህን «ባለሙያ» ደግሞ ሁለተኛ እንዳታስጠጋው።

ወደ ፓተንቱ። የእኛው አዋጅ 123/1987 ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ራሱን በራሱ የሚያዞር ማሽን ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። በአሜሪካ ጆሴፍ ኒውማን የሚባል ሰው ከሚወስደው በላይ የሚሰጥ ማሽን ሠራሁ ብሎ የፓተንት ቢሮውን እስከ መክሰስ ደርሶ ነበር። የመንግሥት የልኬት ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ሲለካው በሁሉም ሙከራ ማሽኑ የሰጠው ኃይል ከወሰደው አንሶ ተገኘ፤ በ1989 ይግባኙም ተዘጋ። በሌላ በኩል እዚያው አገር በ1979 በቋሚ ማግኔት ብቻ ይዞራል ለተባለው የሃዋርድ ጆንሰን ሞተር ፓተንት ቁጥር 4,151,431 ተሰጥቷል። ስለዚህ ወረቀቱ አንዳንዴ ይገኛል። ያንን ሞተር ግን ጥገና ይዞልኝ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ከአሮጌ ባሌስትራ የሠራሃት የቺንጋ መወጠሪያ ግን ደስ ብላኛለች። ቺንጋው ሲላላ ያለ መፍቻ ራሷ የምትስበው ከሆነ፣ «አነስተኛ ፈጠራ» በሚባለው፣ ከፓተንት ቀለል ባለው የጥበቃ ዓይነት ሞክራት፤ ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ስታመለክት ስለ መወጠሪያዋ ብቻ ጻፍ፤ «ያለ ነዳጅ» የሚል ቃል አታስገባ። እስክታመለክትም ቪዲዮዋን አትልቀቅ። አሁኑኑ ግን ሞተሩን አጥፋና ያንን የመዳብ ሽቦ አውጥተህ ፊውዝ አስገባ። አጥፋ ብያለሁ፤ እየዞረ እንዳትነካው።