ታጉ ከጠፋ ቁጥሩን ሰርዙ

ጥያቄ፦ ሕንፃችን 24 ቤት አለው። ዋናው በር የሚከፈተው በቁልፍ ማንጠልጠያ ታግ ነው። ታግ በጠፋ ቁጥር ባለሙያ መጥራት ስለሰለቸን፣ ደጋግሞ ይጻፍበታል የተባለ 10 ታግና አንድ የእጅ ኮፒ ማሽን ገዛን። ከአንድ ታግ ገልብጠን 6ቱ ሠሩ፤ 3ቱ አልጻፍ አሉ፤ አንዱን ደግሞ ማሽኑ ተጽፏል ቢልም በሩ አላወቀውም። ምን እናድርግ?
የነዋሪዎች ኮሚቴ አባል፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ እኛን የሚያሳስቡን የሠሩት 6ቱ ናቸው። ከዋናው ጋር ሰባቱም የያዙት አንድ ቁጥር ስለሆነ ኮንትሮለሩ (የተፈቀዱ ቁጥሮች የሚመዘገቡበት የበሩ መቆጣጠሪያ) ሰባቱን ሰው እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራቸው። ነገ አንዱ ቢጠፋና ቁጥሩን ብትሰርዙ ሰባቱም ደጅ ያድራሉ፤ ካልሰረዛችሁ ደግሞ ታጉን ያገኘ ሁሉ ይገባል። ታጉ ቁጥሩን ይናገራል እንጂ በሩ የሚከፈተው ያ ቁጥር ኮንትሮለሩ ላይ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቁጥር ያለው ታግ መዝግቡ። ነዋሪ ለቆ ታጉን ከመለሰ የእሱን ምዝገባ ሰርዛችሁ ያንኑ ታግ ለአዲሱ ነዋሪ መመዝገብ ይበቃል፤ ምንም መጻፍ አያስፈልግም።

የጠፋን ታግ ለመሰረዝ ቁጥሩን ማወቅ ግድ ስለሆነ ከማደላችሁ በፊት በደብተር ያዙት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ 0012345678 እና 188,24910 የመሰሉ ሁለት ቁጥሮች ይታተማሉ። ሁለቱም ያው ናቸው፤ 188ን በ65,536 አባዝታችሁ 24,910 ብትደምሩ 12,345,678 ይመጣል። አንዱ ኮንትሮለር ረጅሙን፣ ሌላው አጭሩን ይጠይቃል። አዲስ ቁጥር የተጻፈበት ታግ ግን ጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር ከእንግዲህ ስለማይሠራ ፋቁት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን የሌላ ሰው ቁጥር ትሰርዛላችሁ።

አሁን ወደ 3ቱ። እንደ እናንተ ያሉ፣ በ125 ኪሎኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ ታጎች ከውጭ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀለማቸውም ስለ ቺፑ አይናገርም። ቲኬ4100 ቁጥሩ ከፋብሪካ ታትሞ የሚመጣ፣ የማይቀየር ቺፕ ነው። የሚጻፍባቸው ቲ5577 እና ኢኤም4305 ናቸውና ስትገዙ ቺፑን በስሙ ጠይቁ። ጽፋችሁ ስታነቡት የድሮው ቁጥር ከተመለሰ ቲኬ4100 መሆኑን ጠርጥሩ። ቢሆንም አትጣሉት፤ የራሱ ቁጥር አለው፣ እንዳለ መዝግቡት። ሌላው ምክንያት የይለፍ ቃል ነው፦ ሰማያዊና ነጭ ከሆኑት የእጅ ማሽኖች ብዙዎቹ ቲ5577 ላይ ሲጽፉ 51243648 በሚል የይለፍ ቃል ይቆልፉታል። እንዲህ የተቆለፈውን ሌላ ዓይነት ማሽን አይጽፍበትም። የጻፈው ዓይነት ማሽን ግን ይጽፍበታል።

ተጽፏል የተባለው አንዱስ? ማሽኑ ድምፅ የሚያሰማው ትእዛዙን ስለላከ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ መልሳችሁ አንብቡት። መጻፍ ከማንበብ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ታጉን ከብረት ቀለበቱ አውጡት፣ ማሽኑ ውስጥ ባለው የሽቦ ጥቅል መሐል ላይ አስተኙት፣ አዲስ ባትሪ አድርጉ፣ ድምፁ እስኪያበቃም አታንሱት። መሐል ላይ ከተነሳ የቺፑ ቅንብር የተቀመጠበት የመጀመሪያው ብሎክ (የቺፑ ማኅደር ክፍል) ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ ታጉ ጭራሽ አይነበብም። ማሽኑ ላይ በትክክል ተነቦ በሩ ላይ እምቢ ካለ ግን ሪደሩ (በሩ ላይ ታጉን የሚያነበው መሣሪያ) ኮፒ ታግን ለይቶ የሚከለክል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሪደር ራሱ ታጉ ላይ ለመጻፍ ይሞክራል፤ የሚጻፍበት ሆኖ ካገኘው ያበላሸዋል።

እናንተ የገዛችሁትን ማሽን ማንም ሊገዛ ይችላል። እንዲህ ያለ የ125 ኪሎኸርትዝ ታግ ለጠየቀው ሁሉ ቁጥሩን ይሰጣል፤ በሰከንዶች ውስጥም ይገለበጣል። የገንዘብ ወይም የሰነድ ክፍል ካላችሁ እዚያ ላይ ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3 የተባሉትን፣ በምስጢራዊ ቁልፍ የሚሠሩ ካርዶች አስገቡ፤ ሪደሩም የካርዱን ተራ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ምስጢራዊ ቁልፉን የሚያረጋግጥ መሆኑን ጫኚውን ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ይህንኑ ታግ ወደ ስልኬ መገልበጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የስልክ ኤንኤፍሲ (ካርድና ታግ በማስጠጋት የሚያነበው የስልኩ ክፍል) የሚሠራው በ13.56 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ታጉ ግን በ125 ኪሎኸርትዝ። ይህ ግን ለመለያ ይጠቅምዎታል፦ ኤንኤፍሲውን ከፍተው ታጉን ከስልኩ ጀርባ ሲያስጠጉ ምንም ምላሽ ከሌለ የ125 ኪሎኸርትዝ ሳይሆን አይቀርም።