ቃታ ሳይሳብ የሚተኩስ ጥይት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። ለኤም ዋን ጋራንድ ጠመንጃዬ ጥይት ራሴ እሞላለሁ። አጉርሼ ሳልተኩስ ሳወጣው ፕራይመሩ (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው፣ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) ላይ ትንሽ የመርፌ ምልክት አያለሁ። ልስጋ?

መልስ፦ በምልክቷ አትስጋ። የጋራንድ መቺ መርፌ የሚይዘው ስፕሪንግ የለም። መዝጊያው ሲገጥም ወደፊት ሸርተት ብሎ ፕራይመሩን ነካ ያደርጋል። የቃኘው ልጆች ኮሪያ የያዙትም ጠባዩ ይኸው ነበር።

የሚያሰጋው ፕራይመሩ ከቀለሁ ቂጥ ከፍ ካለ ነው። ያኔ ቃታ ሳትነካ ሊተኩስብህ ይችላል። እኔ ባሩድ ከመጨመሬ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ መስታወት ላይ አቆመዋለሁ። ከተወዛወዘ ወደ ጎን! አንዴ ከሃምሳ ቀለህ ውስጥ ሦስት የሚወዛወዙ አገኘሁ፤ ያን ቀን ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር የሞላሁት። የተሞላ ጥይት ላይ ግን ፕራይመሩን ልጫነው እንዳትል፣ አደራ።

ቀለሁን አንገቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን መልሰህ ቅረጸው። ጠንከር ያለ የወታደር ፕራይመር ግዛ። ባሩዱንም የጥይት አሞላል ማኑዋሉ ለጋራንድ ለይቶ ካስቀመጠው ሠንጠረዥ ምረጥ፤ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ኦፕሬቲንግ ሮዱን፣ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ፣ ያጣምምብሃል።