ለራስ ቆዳ ሶሪያሲስ የታዘዘ ሜቶትሬክሴት

እህቴ፣ «ወንድሜ ራሱ ላይ ላለበት ሶሪያሲስ (ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ) ሜቶትሬክሴት ታዘዘለት፤ የካንሰር መድኃኒት ነው አሉኝ፣ ፀጉሩን አይጨርሰውም?» ላልሽው፦ አዎ፣ ኬሞ ነው፤ መጠኑ ግን አይገናኝም። ለአንዳንድ ካንሰር በአንድ ጊዜ በግራም የሚቆጠር በደም ሥር ይሰጣል፤ ለሶሪያሲስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። በዚህ መጠን ፀጉር ሊሳሳ ይችላል፤ ሙልጭ ብሎ መርገፉ ግን የተለመደ አይደለም።

ዋናው አደጋ ያለው ቀኑ ላይ ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች መቅኒያቸው ደም ማምረት አቁሞ ሞተዋል። «እሑድ ማታ፣ 6 ፍሬ» ተብሎ በአማርኛ ካርቶኑ ላይ ይጻፍ (ባለ 2.5 ሚሊግራም ከሆነና 15 ከታዘዘለት ማለት ነው)። ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚንም ይታዘዝለታል፤ ሜቶትሬክሴት በሚወስድበት ቀን ባይወስደው ይሻላል። ሁለቱም ቢጫ ፍሬ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንድ ዕቃ ውስጥ አትቀላቅሏቸው።

ከመጀመሩ በፊት የደም ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በእኛ አገር የቲቢ ምርመራም መታለፍ የለበትም። ኩላሊቱ ደካማ ከሆነ መድኃኒቱ አይወጣም፣ ይጠራቀማል። ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክ) አብሮ መውሰድ በጣም አደገኛ ነው፤ ፋርማሲ በሄደ ቁጥር ሜቶትሬክሴት እንደሚወስድ ይናገር። አረቄም ጠጅም ይቅርበት፣ ጉበቱን ነው የሚጎዳው። ሚስቱ እንድታረግዝ ካሰቡ መድኃኒቱን ካቆመ በኋላ ቢያንስ 3 ወር ይጠብቁ።

አፉ ከቆሰለ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጣዩን ሳይወስድ ያን ዕለት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ውጤቱ ቀስ ይላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ሜቶፕ የተባለ ጥናት (የመላ አካል ሶሪያሲስን የለካ እንጂ ለራስ ብቻ አይደለም) በሳምንት 17.5 ሚሊግራም በመርፌ ጀምሮ፣ በ16ኛው ሳምንት ከታካሚዎቹ 41 በመቶው ቢያንስ በሦስት አራተኛ ተሽሏቸዋል፤ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት 10 በመቶው ብቻ። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ እንዳይተወው። እስከዚያ ቅርፊቱን በሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት ማለስለስ ይቻላል፤ በጥፍር መላጥ ግን ያባብሰዋል።

ብቻ ሶሪያሲስ መሆኑን ያረጋገጠው የቆዳ ሐኪም ነው? ቆረቆር ከሆነ ፈንገስ ነውና ይህ መድኃኒት አይነካውም።