እጃችሁን ቀለል አድርጉ

ልጆቼ፣ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ ከመዳፋችሁ ሥር አብሩ። ጣቶቻችሁ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ አጥንቱ ግን አይለይም። ሥጋ ብርሃንን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ምስሉ ይደበዝዛል፤ ቀዩ አልፎ የወጣው ደግሞ ሌላውን ቀለም ደም ስለሚውጠው ነው። የእኛ ሙያ ይህችው ናት፦ በመሣሪያ ጡት ውስጥ ብርሃን አሳልፎ የደሙን መጠን መለካት።

ሐኪሙ ማክስ ከትለር በ1929 እ.ኤ.አ. ጡትን በብርሃን አሻግሮ ሲመለከት ያየው ጥላ ብቻ ነበር። ዛሬ የሞገድ ርዝመቱ ከ650 እስከ 1000 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን፣ ከቀይ ጀምሮ ዓይን እስከማያየው ድረስ ባለው፣ እንለካለን፤ ደምም ውሃም እዚያ ላይ ብዙ ስለማይውጡት ሴንቲሜትሮች ይዘልቃል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ብርሃኑን በተለያየ መጠን ስለሚውጡ እንለያቸዋለን። የካንሰር ዕጢ አዳዲስ የደም ሥሮች ስለሚያበቅል ብዙውን ጊዜ ደም ይበዛበታል።

ይህ መሣሪያ ማሞግራምን (የጡት ኤክስሬይን) ወይም ባዮፕሲን (ከዕጢው ናሙና ወስዶ መመርመርን) ይተካል ብላችሁ ግን ለማንም አትንገሩ። ምስሉ ብዥ ያለ ነው፤ ትንሽ ዕጢ ያመልጠዋል። እኔ የማምንበት ሌላ ቦታ አለው፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ የምትወስድን ሴት መከታተል። ኤክስሬይ የለውም፣ መርፌ አይፈልግም፣ ደጋግሞ መለካት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ከሠራ የዕጢው መጠን ሳይቀንስ በፊት ደሙ ሲቀንስ ሊታይ ይችላል።

ወጣት ሳለሁ አንዲት ታካሚ ሁለተኛውን ኬሞ ከወሰደች በኋላ ለካኋት። ሄሞግሎቢኑ ወርዷል! ለሐኪሟ ልነግር ስነሳ ነርሷ እጄን ያዘችና ወደ ታካሚዋ ቆዳ ጠቆመችኝ። የፕሮቡ፣ ጡት ላይ የምናሳርፈው የመሣሪያው ጫፍ፣ ጠርዝ ክብ ምልክት ትቶበታል። ለካ ደሙን ገፍቼ ያስወጣሁት እኔ ነበርኩ። አረፍ ብዬ፣ ቀለል አድርጌ ደግሜ ስለካ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ታካሚዋ "ቀነሰ እንዴ?" አለችኝ። "ገና ነው፣ ይቅርታ፣ የመጀመሪያው ልኬት ስህተት ነበር" አልኳት። ዝም ብላ ጣሪያውን ታይ ነበር። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ጤነኛውን ጡትም በዚያው አያያዝ ለኩ፤ ለውጡን ከራሷ ጋር እንጂ ከሌላ ሴት ጋር አታነጻጽሩ። የወር አበባዋ ቀን ደሙን ስለሚቀያይረው መዝግቡት። የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል፤ መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ በሚገባ ካልተፈተነ ቁጥሩን አትመኑት፣ ፈትኑት ብላችሁም ተከራከሩ። ፕሮቡን ባነሣችሁ ቁጥር መጀመሪያ ስክሪኑን ሳይሆን ቆዳዋን እዩ፤ ምልክት ካለ ደሙ እስኪመለስ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ።